የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የ2024–25 የትርኢት ዘመን፦ ቅድመ ቅኝት

በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዲሱን የትርኢት ዘመኑን የሚከፍተው መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 ነው። መርሐ ግብሩ በዘመናችን ደራስያን ሥራዎችና ታዳሚ ተለይቷቸው በማያውቁት በነባሮቹ የጣሊያን ደራስያን በእነ ቬርዲና በእነ ፑቺኒ ድርሰቶች መካከል የተከፈለ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛን ወደ ነባሮቹ ያደላል። ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊ ታዳሚ ቀድሞ ቀን ሊቆርጥለት የሚገባው የቬርዲ «አይዳ» ነው።

መክፈቻው የጃኒን ቴሶሪ «ግራውንድድ» ነው። ባለታሪኳ የተዋጊ ጄት አብራሪ ስትሆን፣ ካረገዘች በኋላ ከበረራ ተነሥታ ላስ ቬጋስ አጠገብ በሚገኝ ጣቢያ ውስጥ ድሮን እንድታንቀሳቅስ ትመደባለች፤ ቀን ሩቅ አገር ያለ ሰው በስክሪን እየተከታተለች ስትገድል ውላ፣ ማታ ከባሏና ከልጇ ጋር ራት ትቀርባለች። ሥራው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2023 በዋሽንግተን ስለነበር በዚያ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች ያስታውሱት ይሆናል። ሜዞ ሶፕራኖዋ (መካከለኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ኤሚሊ ዳንጀሎ በመሪ ተዋናይነት መመረጧ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም፣ የዓመቱን መክፈቻ ገና ብዙ ባልተፈተነ ሥራ ላይ መጣል ድፍረት ይጠይቃል።

በኦክቶበር የሚቀርበው የኦስቫልዶ ጎሊሆቭ «አይናዳማር» አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅና የፍላሜንኮ (የስፔን ባህላዊ ሙዚቃ) ዜማ የሞላበት በመሆኑ ለጀማሪ አይከብድም። የጄክ ሄጊን «ሞቢ ዲክ» ግን የባሕር ታሪክ ለሚወድ ብቻ እመክራለሁ። በሜይ ወር የሚመጣውን «አንቶኒ እና ክሊዮፓትራ» ደራሲው ጆን አዳምስ ራሱ ይመራዋል። አሁን ያለው የሜትሮፖሊታን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመረቀውም በዚሁ ታሪክ ላይ ሳሙኤል ባርበር በደረሰው ኦፔራ ነበር።

በአፕሪል መጨረሻ ክላውስ ጉት የሚያዘጋጀው የሪቻርድ ስትራውስ «ሳሎሜ» ነው። የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ ከቤተ ክርስቲያን ንባብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ያስደነግጠዋል፤ ልጅቱ እዚህ የእናቷን ፈቃድ የምትፈጽም ሳትሆን፣ የተቆረጠውን ራስ ለራሷ የምትፈልግ ናትና። ያለ ዕረፍት ስለሚቀርብ ዘግይቶ መድረስ አያዋጣም።

ዲሴምበር 31 ደግሞ አዲሱ «አይዳ» ይገባል። «ግራውንድድ»ን ያዘጋጀው ማይክል ማየር ነው የሚያቀርበው፤ የሚተካውም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሲታይ የኖረውን፣ እውነተኛ ፈረሶች መድረክ ላይ ይወጡበት የነበረውን የሶንያ ፍሪዜል ዝግጅት ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ስትሆን፣ በግብፅ ቤተ መንግሥት ማንነቷን ደብቃ በባርነት ትኖራለች፤ የምትወደውም አባቷን ሊወጋ የሚዘምተውን የጦር አዛዥ ራዳሜስን ነው። ሥራውን ያስደረሰው የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን፣ በካይሮ የታየውም ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነበር። ይኸው እስማኤል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያዘመታቸው ጦሮች በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ድል ተመቱ። መድረኩ ላይ ግን የግብፅ ጦር በመለከት ታጅቦ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን እየነዳ ይገባል፤ ይህን ታሪክ ይዞ ለተቀመጠ የአገራችን ሰው ሁለተኛው ገቢር ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም።

የሥራው ልብ ያለው ግን በዚያ ሰልፍ ላይ ሳይሆን በሦስተኛው ገቢር ነው። ሌሊት ነው፤ ዓባይ ዳር ቫዮሊኖቹ ተሰሙ አልተሰሙ በሚያሰኝ ድምፅ ይንቀጠቀጣሉ፤ አይዳ ዳግመኛ ስለማታየው አገሯ ታዜማለች። እዚህ ዜማ ላይ ሶፕራኖዋ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ወደ ላይኛው «ዶ»፣ ማለትም በጣም ከፍ ወዳለው ኖታ፣ መውጣት ያለባት በጩኸት ሳይሆን በለስላሳ ድምፅ ነው፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚያ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ሊዮንቲን ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1985 የሜትሮፖሊታንን መድረክ የተሰናበተችው በዚሁ ሚና ነበር። ወዲያው አባቷ ይደርሳል፤ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከራዳሜስ አውጥተሽ ንገሪኝ ይላታል፤ እንቢ ስትለው «ልጄ አይደለሽም፤ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ» ብሎ ይገፈትራታል። ኤንጀል ብሉ እንደ አይዳ፣ ኩዊን ኬልሲ እንደ አባት የሚገናኙበት ይህ ቅብብል ከዝግጅቱ ወርቅ ቅብ መቃብርና ከፕሮጀክተር ምስሉ ሁሉ ይልቅ የምጠብቀው ነው። ማየር በግዙፍ ምስሎች ብዛት ድምፃውያኑን እንዳያሳንሳቸው ያሰጋኛል።

አዳራሹ 3,800 ያህል መቀመጫ ቢኖረውም ዘፈኑ ያለ ማይክሮፎን ነው የሚቀርበው። ፋሚሊ ሰርክል የተባለው የላይኛው ፎቅ ከመድረኩ ይርቃል፤ ድምፁ ግን በጣም ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ትርጉሙ ከፊት ባለው ወንበር ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ ይነበባል። በሥራ ቀናት ለዚያው ምሽት የሚሆኑ የ25 ዶላር ቲኬቶች በድረ ገጹ ላይ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ይለቀቃሉ፤ ቶሎ ስለሚያልቁ ቀደም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በዲሴምበር በእንግሊዝኛ የሚቀርበውን አጠር ያለውን «የአስማት ዋሽንት» ቢመርጡ ይሻላል። የዲሴምበር 31ዱ «አይዳ» የበዓል ምሽት ስለሆነ ለኪስ ይከብዳል፤ በጃንዋሪ ያሉትን ምሽቶች መያዝ ይመረጣል። ከኒው ዮርክ ርቆ ያለ ሰውም ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚተላለፈውን ሊያይ ይችላል።