ደብረ ብርሃን ላለው የኮድ መምህሬ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምርምር ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ አንድ ልጅ አለ። ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ያውቃል። ይህ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር፤ ፓይተን የሚያውቅ ሞልቷል። ይህ ልጅ የሚያሠለጥነው ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት የሳይንስ ሶፍትዌር ውስጥ ገብታችሁ የጎደለውን ራሳችሁ እንድትጨምሩ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ስለለመነኝ አልጠራውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

እኔ የምሠራው በዝናብ መረጃ ላይ ነው። ከመንዝ እስከ አንኮበር ያሉ ጣቢያዎች በየቀኑ የለኩትን እሰበስባለሁ። ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ መሃል ላይ ስንት ቀን ጠፋ የሚለውን አሰላለሁ። የምጠቀምበት ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ ነው። ማንም ያወርደዋል፣ ማንም ኮዱን ያነበዋል፣ የሚንከባከቡት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነፃ ስለሆነ የሚንቁት ሰዎች ያጋጥሙኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም ጉድ ያለበት የብላክ ሆል ምስል ሲሠራ ነምፓይና ማትፕሎትሊብ የሚባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች እንደነበሩበት ስነግራቸው ዝም ይላሉ።

እና ይህ ጥሩ ሶፍትዌር በልግን አያውቅም ነበር።

የእኛ ደገኛ በዓመት ሁለት ዝናብ ይጠብቃል። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። የበልግ ገብሱን ተስፋ አድርጎ የሚከርም ቤት አለ። ሶፍትዌሩ ግን ለአንድ ዓመት አንድ የዝናብ መግቢያ ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ፍለጋውን ከጥር ሳስጀምረው የበልጉን ይይዝና የክረምቱን ይተወዋል። ከሰኔ ሳስጀምረው በልጉ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ለየብቻ አሰላና ውጤቱን በኤክሴል እገጣጥም ነበር። ለአንድ ጣቢያ ምንም አይደል። ለብዙ ጣቢያና ለብዙ ዓመት ግን ዓይን ያጠፋል።

ከልጁ በፊት በኢንተርኔት ለሚሰጥ ሥልጠና ከፍዬ ነበር። ቪዲዮ አሳዩን፣ ሰርተፍኬት ሰጡን፣ አበቃ።

ልጁ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መማር እንደምፈልግ አልነበረም። ሶፍትዌሩ የቱ ጋ እንደሚያስቸግረኝ ከፍቼ እንዳሳየው ነው የጠየቀኝ። አሳየሁት። ሁለት ነገር እንዲጨመር እንደምፈልግም ነገርኩት። አንደኛው በልግና ክረምት ተለይተው እንዲወጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሶፍትዌሩ የእኛን ቀን አቆጣጠር እንዲያነብ፤ እኔ ጋ የሚደርሱት መዝገቦች በእኛ ቀን የተጻፉ ስለሆኑ 13ኛው ወር ላይ ሲደርስ ይደናበራል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁለት ሥራ ነው። አንዱን ይምረጡ» አለኝ። ተከራከርኩት። በትህትና አዳመጠኝ፣ ከዚያም ምክንያቱን አስረዳኝ። ያንን ኮድ የሚገመግመው ሰው ደመወዝ አይከፈለውም፤ ከሥራ ወጥቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ነው የሚያነበው። ትልቅ ለውጥ ከላካችሁለት «በኋላ አየዋለሁ» ይላል፣ በኋላም አይመጣም። ትንሽ ከሆነ እዚያው ያየዋል። ደግሞም ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሐሳቡን ጽፋችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ያልተጠየቁበትን ሥራ ሠርታችሁ ብትልኩ፣ ሥራው ጥሩ ቢሆን እንኳ አንፈልገውም ሊሏችሁ ይችላሉ።

በልግን መረጥኩ። ጥያቄውን ስጽፍ ግን አስቸገረኝ። እኔ የጻፍኩት ከሰላምታ ይጀምራል፣ አዲስ መሆኔን ይገልጻል፣ ጊዜያቸውን ስለምወስድ ይቅርታ ይጠይቃል። እሱ ያንን ሁሉ አወጣው። የቀረው አራት ነገር ነበር። ችግሩ ምንድን ነው፣ ማንን ነው የሚያስቸግረው፣ ሶፍትዌሩ አሁን ምን ያደርጋል፣ እኔ ምን ላድርግ እላለሁ። ከአንድ አንቀጽ ትንሽ ይበልጣል። አጠረብኝ፣ ደፋርም መሰለኝ። መልሱ ግን «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሞክሪው» የሚል ሆኖ መጣ።

ከዚያ ኮድ መጻፍ ጀመርን ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀትና እርሳስ ነው ያስወጣኝ።

እኔ የምጠቀምበት የዝናብ መግቢያ ደንብ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከዘነበ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥም 10 ተከታታይ ደረቅ ቀን ካልመጣ፣ ዝናቡ ገብቷል ይባላል። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ያለው አዘርቶ ከሚጠፋ አታላይ ዝናብ ለመጠንቀቅ ነው። ልጁ ይህን ካስረዳሁት በኋላ የፈጠራ ዝናብ በወረቀት ላይ እንድጽፍ አደረገኝ። ዛሬ 12፣ ነገ 0፣ ከነገ ወዲያ 9፣ እያልኩ። ከዚያም የመግቢያውን ቀን በእጄ አስልቼ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። ኮዱ በኋላ የሚፈተነው በዚያ ወረቀት ነው። መልሱን ሳታውቁ የጻፋችሁት ኮድ ትክክል ይሁን አይሁን በምን ታውቃላችሁ?

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ድምሩ ልክ 20 ከሆነስ? ይቆጠራል አልኩ። እንግዲያውስ ኮምፒውተሩ ላይ 0.1 እና 0.2 ይደምሩልኝ አለኝ። ደመርኩ። 0.3 አልወጣም፤ 0.30000000000000004 ነው የወጣው። ኮምፒውተር አስርዮሽ ቁጥርን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስለሆነ ብዙዎቹን በትክክል መያዝ አይችልም። የሦስት ቀን ዝናብ ሲደመርም በወረቀት ልክ 20 የሆነው በማሽን ከ20 በፀጉር ያህል ሊያንስ ይችላል። የአንድ ዓመት በልግ በዚያች ፀጉር ምክንያት «አልገባም» ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው። ለዚህ ብቻ አንድ ቴስት፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትን ትንሽ ኮድ፣ ጻፍን።

የማልረሳው ጥያቄው ግን ሌላ ነው። «ዝናብ የሚለካው ሰውዬ ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ ከሆነስ?»

ይህ ልጅ የአየር ንብረት አልተማረም። ግን መዝገብ የሚሞላው ሰው እንደሆነ ያውቃል። ሰው ደግሞ ለቅሶ ይሄዳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ይታመማል። ያኔ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም። ዜሮ ማለት ታይቶ አልዘነበም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ኮዱ ባዶውን እንደ ዜሮ ከቆጠረው፣ የሁለት ሳምንት ክፍተት ደረቅ ወቅት ሆኖ ቁጭ ይላል፣ በትክክል የገባውን ዝናብ «አታላይ ነበር» ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ክፍተት ሲኖር አዲሱ ኮድ ቀን ከመገመት ይልቅ «አይታወቅም» ብሎ እንዲመልስ አደረግነው። ልብ በሉ፣ «አደረግነው» የምለው በወግ ነው። ኪቦርዱን አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ጣቱን ወደ ስክሪኑ ይጠቁማል፣ «ይህን መስመር ያንብቡልኝ፣ ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?» ይላል። አንቱ እያለ ነው ኮዴን የሚያስጥለኝ።

ጊት ስለሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያም ልንገራችሁ፤ ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ሥራ ብሎ የሠራው ነው። የለውጡ ታሪክ በሙሉ የሚቀመጠው በገዛ ላፕቶፓችሁ ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ቴስቱንም እዚያው ማስኬድ ይቻላል። ኔትወርክ ሲመጣ መላክ ነው። ልጁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ስላስለመደኝ ኔትወርክ የለም ብዬ የቀረሁበት ጊዜ የለም።

ሥራውን ከላክኩ በኋላ ገምጋሚው የመለሰልኝ አንድ መስመር ነበር፦ «ይህ ለምን አስፈለገ?» እኛ ጋ እንዲህ የሚል ሰው ተቆጥቷል። ላፕቶፑን ዘግቼ ልሄድ ነበር። ልጁ ሳቀ። «እትዬ፣ ጥያቄ ነው እኮ። መልስ ይስጡት።» ስለ በልግ ጻፍኩለት፣ ገብሱንም ነገርኩት። ሰውዬው የመጣው ከእኔ በተሻለ ሐሳብ ነው። ወቅቱ ሁለት ነው ብለን ኮዱ ውስጥ ከምናስቀምጥ፣ ተጠቃሚው የፈለገውን ያህል ወቅት ራሱ ከነመነሻና መድረሻው ይስጥ አለ። እውነቱን ነው። ቦረናም ኬንያም ሁለት ዝናብ አላቸው፣ ወራቱ ግን ከእኛ ይለያል። ቀጥሎም ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በሆነበት በደቡባዊ አፍሪካ ወቅቱ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ተሻግሮ ይሄዳል፣ ያንን እንዴት ታደርጊዋለሽ አለኝ። እኔ ስለ መሐል ሜዳ እያሰብኩ የጀመርኩት ነገር ለዚምባብዌም ሊሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ምልልስ ነው። ስም ቀይሪ፣ ይህን አሳጥሪ፣ ማብራሪያ ጨምሪ። ልጁ ለእያንዳንዱ አስተያየት መልስ እንድሰጥ፣ ያልተስማማሁበትንም ከነምክንያቱ እንድጽፍ አስገደደኝ። ዝም ብሎ እሺ ማለትን አይወድም። በመጨረሻ መርጅ ሆነ፣ ማለትም ከዋናው ሶፍትዌር ጋር ተቀላቀለ። አሁን የሶፍትዌሩ መመሪያ ላይ ሁለት ወቅት ያለው የደጋ ጣቢያ ምሳሌ አለ፤ እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኤክሴሉንም ተገላገልኩ።

ወንድሜ፣ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ስታነብ እንደምታፍር አውቃለሁ።

ለምትሄዱት ደግሞ ጥቂት ልንገራችሁ። «ቴሲሴን ሥራልኝ» ብላችሁ አትሂዱ፣ በር ላይ ነው የሚመልሳችሁ። ሰዓት ካሳለፋችሁ አይጠብቃችሁም፤ በዚህ በኩል እንደ አበሻ አይደለም። ማታ ስልክ አያነሳም፣ ቴሌግራም ላይ ግን ጠዋት ይመልሳል። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው አልመክረውም፤ ትንሽ ፓይተን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ ገንዘባችሁን ትጨርሳላችሁ። ዋጋውን ከራሱ ጠይቁ፣ ለተማሪ እንደሚቀንስ ነግሮኛል። ክፍሉ ደግሞ የደብረ ብርሃን ክፍል ነው፣ ጋቢ ያዙ። ከሁሉም በላይ የሚያስቸግራችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ከየትም የተገኘ መለማመጃ ላይ ጊዜውን አያጠፋም።

የጳጉሜው ሥራ እስካሁን አልተነካም። ጥያቄውን ከፍቼዋለሁ፣ አስተባባሪዎቹም ተስማምተውበታል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 መሆኗን፣ ከእሱ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ከፈረንጆቹ መስከረም 11 ወደ 12 መሻገሩን የሚፈትኑ ቴስቶች ያስፈልጉታል። ለጀማሪ የሚመች ነው። ልጁም ከመጀመሪያ ተማሪዎቹ አንዱ ቢይዘው ደስ ይለዋል። የምትፈልጉ ካላችሁ ስትጽፉልኝ «ጳጉሜ» ብላችሁ ጨምሩበት፣ ለእሱ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።