ለባሕር ዳር የቱ ይሻላል፦ አውቶቡስ ወይስ ባጃጅ?

ባሕር ዳር ከአባይ ማዶም እየሰፋች ሳለ የሕዝብ ትራንስፖርቷን ባጃጅ በመጨመር ብቻ ማስፋፋት አያዋጣም። ባጃጅ ጠባብ የሰፈር መንገዶችን ዘልቆ እስከ ደጃፍ ያደርሳል፤ ነገር ግን ከኋላ የሚጭነው 3 ሰው በመሆኑ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መንገዱን የሚሞላው ተሽከርካሪው እንጂ ተሳፋሪው አይደለም። አውቶቡስ በአንጻሩ በአንድ ጉዞ የብዙ ባጃጆችን ተሳፋሪ ያነሣል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይም ለዚህ የሚበቃ ስፋት አለው። ፈተናው ከግዥው በኋላ ይመጣል፦ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ጋራዥና የሠለጠነ መካኒክ ያስፈልጋል፣ ታሪፉ ወጪውን ካልሸፈነም ድጎማ ግድ ይላል። ያም ሆኖ በዋና ዋና መንገዶች ላይ አውቶቡስን እመርጣለሁ፤ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው ባጃጅ እየቀያየሩ ደጋግመው መክፈላቸው በእጅጉ ያሳስበኛልና። ባጃጁ ከፌርማታ እስከ ሰፈር ባለው መስመር ቢመደብ፣ አሽከርካሪዎቹም ከሥራቸው አይፈናቀሉም።