«ቤት ውስጥ ምን አለ?» ብላ የጠየቀችን ዶክተር

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ይህን የምጽፈው አንዲት ሐኪም ለማመስገን ነው። ቤታችሁ የማይለቅ ሳል የያዘው ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እማዬ 1 ዓመት ከ4 ወር ሙሉ ስታስል ኖረች። ደረቅ ሳል፣ አክታም ትኩሳትም የሌለው። ከቤታችን ጉሊት እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ትቆም ነበር። ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ «ብርድ ነው» ተባልን። አንዱ ጋ አስም ነው ተብሎ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጣት። ሌላው ጋ አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ነሽ ከተባለች በኋላ፣ «ለማንኛውም» ተብሎ 6 ወር የቲቢ መድኃኒት ዋጠች። በእነዚያ ወራት ጎረቤት እንዳይሸሻት የመድኃኒቷን ፌስታል ዱቄት ዕቃ ውስጥ ትደብቅ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንዱ ደግሞ ራጇን ወደ መስኮት አንስቶ አየት አደረገና «ሳንባዋ ጠባሳ ይዟል፣ ዕድሜም አለ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለኝ። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ! ያበሸቀኝ የከፈልነው ብር አይደለም። ቀና ብሎ ፊቷን ያየ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ዘመድ መክሮን ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄድን። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ አጥሯት እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ወረፋው ረጅም ነው፣ አልደብቃችሁም። የደረሰችን የውስጥ ደዌ ሐኪም ወጣት ናት። ከወንበሯ ተነስታ እማዬን ደግፋ አስቀመጠቻትና «እናቴ፣ መጀመሪያ ትንፋሽዎ ይመለስ፣ አንቸኩልም» አለቻት። አቦ፣ እኔ እዚያው እንባዬ መጣ።

ራጁን ሳታነሳ በፊት የእማዬን ጣቶችና ጥፍሮች አገላብጣ አየች። ከዚያ ጀርባዋን ከታች ጀምራ ብዙ አዳመጠች። ምን ሰማሽ ብላት ከፀጉሯ ጥቂት ይዛ ጆሮዬ አጠገብ በጣቶቿ አሸችልኝ። «እንዲህ ነው የሚለው» አለችኝ። ቀስ ያለ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። መገጣጠሚያዎን ያምዎታል? የልብ መድኃኒት ወስደዋል? የድንጋይ ወይም የእህል አቧራ ያለበት ቦታ ሠርተዋል? ሲጋራስ? «እንዲህ ዓይነቱ የሳንባ ሕመም ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ አንዳንዱ ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም። ለዚህ ነው የምነዘንዛችሁ» አለችን። በመጨረሻ «ቤት ውስጥስ ምን አለ? ዶሮ፣ ወፍ?» ስትል እማዬ «የልጄ ርግቦች አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ኩሳቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ» አለች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሲቲ ስካን ተነሳች፣ ደም ሰጠች። ውጤቱን ብትነግረኝም አልደግመውም፣ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ ከላባውና ከኩሱ የሚነሳው ብናኝ ሳንባዋን ሲያስቆጣው ኖሯል። መድኃኒት ጀመረችላት። «የጠነከረው ክፍል ላይመለስ ይችላል፣ የተቆጣው ግን ሊበርድ ይችላል» አለችን። ባዶ ተስፋ አልሰጠችንም። ለዚህም አመሰግናታለሁ።

ወንድሜ ርግቦቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ነው ያሳደጋቸው። አባታችን ሲሞት ከእነሱ ጋር ነበር የሚያወራው። ያኑ ዕለት ማታ በካርቶን አድርጎ ሳቢያን ላለ ጓደኛው በባጃጅ ወሰዳቸው። ሁለቱ ተመልሰው መጡ። ሳያለቅስ ይዞ መለሳቸው።

ዶክተሯ «ስሜን እንዳትጽፊ» ብላኛለች፣ ቃሏን አከብራለሁ። ግን ሂዱ። የውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል ሂዱና ታዩ። ወረፋው አያስመርራችሁ። የቲቢ ምርመራውንም አትዝለሉ፣ የእማዬ ምክንያት ርግብ ነው፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስትጠየቁ የምትውሉበትን ሥራ፣ የምትውጡትን መድኃኒት፣ የምታረቡትን ሁሉ ተናገሩ። ካልጠየቋችሁም ተናገሩ።

ዶክተር፣ ይሄን ካየሽው፦ እማዬ ትናንት ብቻዋን ጉሊት ሄዳ ቲማቲም ይዛ መጣች። መንገድ ላይ የቆመችው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ጎረቤት ሰላም ልትል።