ለባሌ ተራሮች የአዳር ጉዞ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

«ሁሉን ያካተተ የሁለት ቀን የእግር ጉዞ፤ አዳር በተራራ ቤት፤ 7,800 ብር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ትንሽ ቆም በሉ። ባለፈው ጥር ወር 28 ሰዎች ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ተራሮች የሄድነው ይህንኑ አምነን ነው። የአዘጋጁን ስም አልጽፍም። ነገ ስሙን ቢቀይር ማስጠንቀቂያዬ ዋጋ ያጣል፤ ዘዴው ግን አይቀየርምና ዘዴውን ልንገራችሁ።

በማስታወቂያው ላይ የወጣው ፎቶግራፍ ዲንሾ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አቅራቢያ፣ በጥድና በኮሶ ዛፎች መካከል ያለውን ማደሪያ ያሳያል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንድንገኝ ታዘን አውቶቡሱ 12 ሰዓት አልፎ መጣ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስንደርስ ጨልሟል። የማደሪያው ሠራተኛ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ገልጦ «በዚህ ስም የተያዘ አልጋ የለም» አለን፤ አፍሮ፣ እሱ ያጠፋ ይመስል። ክፍሎቹ በሌሎች እንግዶች ተይዘዋል። አዘጋጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ጨለማው ገባ። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የኛዋ ላም ደግሞ የወተቷ ዋጋ አስቀድሞ የተከፈለላት ነበረች።

ሠራተኛው ሴቶቹን አዳራሽ ውስጥ ወለል ላይ አስተኛቸው። የቀረነው እያንዳንዳችን 600 ብር ጨምረን ድንኳን ተከራየን። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በጥር ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ተካትቷል የተባለው ብርድ ልብስ አንዱ ለሁለት ሰው፣ እራቱም ዳቦና ሙዝ ነበር። ጠዋት ደግሞ የፓርኩን መግቢያና የአስጎብኚውን ክፍያ ከኪሳችን አወጣን። «ሁሉን ያካተተ» ለካ አውቶቡሱን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የገንዘብና የእንቅልፍ ጉዳይ ነው፤ ይረሳል። የማልረሳው የእሑዱን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት ብለን ከፍታ የለመድን ይመስለናል። የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ግን 4,377 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ አካባቢ ነው። ሰውነት ቀስ በቀስ፣ በቀናት ነው የሚለምደው። እኛን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በመኪና ጫፉ ላይ አወጡን። ከእኔ ጎን የተቀመጠች ልጅ ሳነቴ አምባ ላይ ራሷን ይዛ ማስታወክ ጀመረች። አዘጋጁ «ውሃ ጠጪ፣ ይለፍሻል» አላት። የአካባቢው አስጎብኚ ነው ተቆጥቶ ሹፌሩን ወደ ጎባ ያስወረደው፤ ለከፍታ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት መውረድ ነው። ዝቅ ስንል ልጅቷ ተሻላት። አዘጋጁ ግን «ፕሮግራሙ ተበላሸ» እያለ እስከ ሻሸመኔ አጉረመረመ።

በነገራችን ላይ ቀይ ቀበሮ አይተናል፤ በአውቶቡሱ መስኮት፣ ለግማሽ ደቂቃ። ከጉዞው ሁሉ ቃሉን የጠበቀው እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አዲስ አበባ ገባን። ሳሰላው በሁለቱ ቀናት ከ24 ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ በእግራችን የሄድነው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ባሌን በሁለት ቀን አሳያችኋለሁ የሚላችሁን ሰው ኪሎ ሜትሩን ቁጠርልኝ በሉት። አልጋ ተይዟል ካላችሁ በማን ስምና ለስንት ሰው እንደተያዘ ጠይቁ፤ ከዚያ ራሳችሁ ወደ ማደሪያው ደውሉ። እኔ ይህን አንድ ጥሪ ባደርግ ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልመጣ ነበር። ገንዘቡን በግለሰብ የባንክ ሒሳብ አስገቡ ከተባላችሁና ደረሰኝ ከሌለ ተዉት። እኔ ደረሰኝ ስላልነበረኝ፣ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንደሚሰጥ እያወቅሁ እንኳ የማቀርበው ማስረጃ የስልክ መልእክት ብቻ ነው።

ገንዘቤን እንዲመልስ ጠይቄው «አውቶቡሱ ሄዷል አይደል?» ሲል መለሰልኝ። ትናንት አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል። ዋጋው 8,500 ብር ሆኗል፤ ፎቶግራፉ ላይ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ፈገግ ብላ የቆመችው ያቺ የታመመችው ልጅ ናት፣ ከመታመሟ አንድ ሰዓት በፊት።