ካዥዋልቲ፣ የመጀመሪያው ሲዝን (1986)፦ አዳር ምን እንደሆነ የገባው ድራማ

በቃ ጨረስኩት፣ 15ቱንም ክፍል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአዳር ስወጣ መጋረጃውን ዘግቼ አንዳንዴ አንድ አንዳንዴ ሁለት ክፍል እያየሁ ነበር የምተኛው፣ እና ስለዚህ ድራማ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው የቅርቦቹን ሲዝኖች ብቻ ስለሆነ ስለ መጀመሪያው እኔ ልጻፍ አልኩ። ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የማየው እንደ ነርስ ነው።

ለማታውቁት፣ ካዥዋልቲ የእንግሊዝ የቢቢሲ ድራማ ነው፣ የጀመረው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1986 ቅዳሜ ማታ ነው፣ እስካሁንም አልቆመም። ታሪኩ የሚካሄድበት ሆልቢ የሚባለው ከተማ የፈጠራ ነው፣ የሚቀረፀው ግን ለብዙ ዓመት ብሪስቶል ነበር፣ በ2011 ነው ወደ ካርዲፍ የዞሩት። ስሙ ራሱ ትርጉም አለው፣ ያኔ እንግሊዞቹ ድንገተኛ ክፍልን ካዥዋልቲ ነበር የሚሉት። የፈጠሩት ጄረሚ ብሮክና ፖል አንዊን የሚባሉ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ናቸው፣ ብሪስቶል ያለ ድንገተኛ ክፍል ሄደው ሠራተኞቹን እያዩ እያዋሩ ነው የጻፉት፣ ዋናው ገጸ ባሕሪ ቻርሊም እዚያ ካገኙት ነርስ ላይ ነው የተወሰደው። ይሄ ከስክሪኑ ላይ ይታወቃል። ቢሮ ቁጭ ብሎ የተጻፈ የሆስፒታል ድራማና ኮሪደር ላይ ቆሞ የተጻፈ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይሄ ሲዝን የአዳር ሲዝን ነው። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የሚሽከረከረው በማታው ቡድን ላይ ነው፣ ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፣ በሽተኛ የሚገፋው፣ ካርድ ላይ የምትቀመጠዋ፣ የአምቡላንስ ሠራተኞቹ፣ ሁሉም አገር ሲተኛ የሚነቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ስንት የሆስፒታል ድራማ አይቻለሁ፣ አዳር የሚባለውን ነገር በትክክል የያዘው ግን ይሄ ነው። አብዛኛው ድራማ ላይ ማታ ማለት መስኮቱ ጨለመ ማለት ብቻ ነው፣ ሰዎቹ ያው እንደ ጠዋቱ ፀጉራቸው ተስተካክሎ ዓይናቸው ፈክቶ ይሯሯጣሉ። እዚህ ግን ሰዎቹ ይደክማሉ። ንግግራቸው ያጥራል፣ የማያናድድ ነገር ያናድዳቸዋል፣ ሻይ የያዘ ሰው ከሻዩ ጋር ትንሽ ፈዞ ይቆማል።

አዳር የሠራ ሰው ከሌሊቱ አስር ሰዓት አካባቢ ያለችውን ሰዓት ያውቃታል። የሰከሩት ጋብ ይላሉ፣ ጠዋት የሚመጡት ገና አልተነሱም፣ እና እግርህ ድንገት የራስህ መሆኑ ይቀራል። እኔ ያን ሰዓት መድኃኒት ስቀዳ መጠኑን ሁለቴ ሳይሆን ሦስቴ ነው የማነበው፣ መብራቱ ስር አድርጌ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ ይዤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ምክንያቱም ያን ሰዓት ዓይኔን አላምነውም። የእንግሊዝ ነርሶች ደረታቸው ላይ ተገልብጣ የምትንጠለጠል ሰዓት አለቻቸው አይደል፣ እጅ ላይ እንዳትሆን ተብሎ፣ አንገታቸውን ደፋ ሲያደርጉ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይታያቸዋል። ያቺን አንገት ደፋ የማድረግ ነገር ልብ በሏት፣ የልብ ምት ሲቆጥሩና ፈረቃው ስንት ሰዓት ቀረው ብለው ሲያዩ አንድ ዓይነት ነው፣ እኔ ግን የቱን እንደሆነ ከትከሻቸው አውቃለሁ። እንደዚህ ዓይነት ሲዝን ነው፣ ትልቅ ነገር ሳይፈጠር የሚታይ ነገር አለው።

«ጸጥታ» የሚል ርዕስ ያለው ክፍልም አለ፣ ይሄን የሥራው ሰው ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። የእንግሊዝ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» የሚባል ቃል አይነሳም፣ አንድ ሰው አፉን ካዳለጠው በሩ ይከፈታል ብለው ነው የሚያምኑት። እኔም አልለውም።

ሰዎቹን ላንሳ። ቻርሊ ፌርሄድ አለ፣ ተዋናዩ ዴሪክ ቶምፕሰን ነው፣ የቤልፋስት ሰው፣ ይሄን ሚና ከ1986 እስከ ማርች 2024 ተጫውቶታል፣ ከልጅነቱ እስከ ሽበቱ አየነው ማለት ነው። በዚህ ሲዝን ቻርጅ ነርስ ነው። እኛ በአማርኛ ሴት ነርስን ሁሉ ሲስተር እንላለን፣ እንግሊዞቹ ጋ ግን ሲስተር ማዕረግ ነው፣ ክፍሉን የምትመራው ነርስ ናት፣ ወንድ ሲሆን ሲስተር ማለት ስለማይቻል ነው ቻርጅ ነርስ የሚሉት። በ1986 የአንድ ትልቅ የሆስፒታል ድራማ ማዕከል ወንድ ነርስ ማድረግ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፣ ሐኪም ማድረግ ይችሉ ነበር፣ ሁሉም ሰው ያንን ነው የሚያደርገው። ቻርሊ ጀግና አይደለም፣ የሚያረጋጋ ሰው ነው። ሲመጣ ክፍሉ ትንፋሽ ያገኛል። እንደሱ ዓይነት ኃላፊ ያጋጠመው ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

ለእኔ ግን የሲዝኑ ልብ ሜጋን ሮች ናት። ብሬንዳ ፍሪከር ናት የምትጫወተው፣ የደብሊን ልጅ፣ በኋላ በ1990 በረዳት ተዋናይት ኦስካር የወሰደችዋ። ሜጋን በማዕረግ ከታች ናት፣ ኤንሮልድ ነርስ የሚሏት፣ የሁለት ዓመት ሥልጠና የወሰደች፣ እነ ቻርሊ የሦስት ዓመቱን የወሰዱ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ይሄ የሁለት ዓመቱ ነገር ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቀርቷል። ግን ክፍሉ ውስጥ ማን ላይ ነው ሁሉም የሚደገፈው ብትሉ እሷ ላይ ነው። ወጣቶቹ ያለቅሱባታል፣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ፊቷን አይተው ነው የሚረጋጉት። ፍሪከር ደሞ ምንም አታበዛም፣ አንድ በሽተኛ ሲያወራት ዝም ብላ ስታዳምጥ ራሷን ትንሽ ዘንበል ታደርጋለች፣ በቃ ያቺ ብቻ ትበቃለች። የሥራ ቦታዬ ላይ ሜጋን አለች፣ የእናንተም ቦታ ላይ አለች፣ ደሞዟ ከሁሉም ያነሰ፣ ስትቀር ግን ሁሉም ነገር የሚናጋው።

ደፊ የምትባል ነርስ አለች፣ ካቲ ሺፕተን ናት የምትጫወታት፣ ያኔ ገና ልጅ። በዚህ ሲዝን ወደ ሥራ ስትመጣ ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል። ይሄን ታሪክ ሳይ ቆም አድርጌው ነው ውሃ የጠጣሁት። ምክንያቱም ይሄ በዘፈቀደ የተመረጠ ነገር አይደለም። የአዳር ሠራተኛ ሴት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው የምትወጣው፣ ታክሲው ሲያልቅ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ መብራት የሌለበትን ቦታ በሩጫ እያለፈች። የሰው ሕይወት ለማትረፍ የምትሄድበት መንገድ ለራሷ የማይታመን መሆኑን ይሄ ድራማ በ1986 ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ በተቀመጠበት ሰዓት አሳይቷል። ደፊ ደሞ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት እየሄደች እየተመለሰች የድራማው አካል ሆና የቆየች ሰው ናት፣ በ2020 ነው ታሪኳ ያበቃው፣ ስለዚህ የኋላውን የምታውቁ ሰዎች እዚህ ጋ ስታዩዋት ሌላ ነገር ነው የሚሰማችሁ።

ክላይቭ ኪንግን (ጆርጅ ሃሪስ) ብዙ ሰው አያስታውሰውም፣ እኔ ግን ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። ልምድ ያለው ጥቁር ነርስ ነው፣ እና መጠጥ አለበት። የሚያመው ነገር ሁሉም እንደሚያውቁና እንዴት እንደሚሸፋፍኑለት ነው፣ ከክፋት አይደለም፣ ስለሚወዱት ነው። ኩባ የሚባለው ፖላንዳዊ በሽተኛ ገፊም አለ፣ ሐኪሙ ዩዋርት ፕሊመርም፣ ነጭ ፀጉር ያለው፣ የማታው ቡድን እንዳይበተን ከአስተዳደሩ ጋር የሚሟገተው። አምቡላንሶቹ ላይ እነ ፖንቲንግና ሳንድራ አሉ። ስለነሱ ብዙ አልልም፣ ጥሩ ናቸው።

ሙግቱ ግን መነሳት አለበት ምክንያቱም ሲዝኑን የተሸከመው እሱ ነው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ የሚሉት፣ በጁላይ 1948 ነው የተጀመረው፣ ሰው ታሞ ሲመጣ ክፈል ሳይባል እንዲታከም ተብሎ። ይሄ ድራማ ሲጀምር ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ነበሩ፣ በጀትና ቅነሳ የዕለት ወሬ የነበረበት ጊዜ ነው፣ እና ጸሐፊዎቹ ንዴታቸውን አልደበቁትም። አልጋ የለም፣ ሰው አንሷል፣ የማታው ሥራ ይዘጋል ይባላል። የመጨረሻው ክፍል ርዕሱ ራሱ «መዘጋት» ነው። የመንግሥቱ ፓርቲ ሰዎች ድራማው ፖለቲካ ነው ብለው ተቆጥተውበት ነበር። እኔ ሳየው ፖለቲካ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። አንድ ነርስ አልጋ ፍለጋ ስልክ ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል ማየት ፖለቲካ ከሆነ እንግዲህ የኔ ሥራ በየሌሊቱ ፖለቲካ ነው። ቁጥር የሚመስል ነገር፣ ስንት ሰው በፈረቃ፣ ስንት አልጋ፣ እዚህ ድራማ ውስጥ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ፊት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ነው ጥንካሬው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል («ጋዝ» ይባላል፣ ወደብ ላይ ኬሚካል አፈትልኮ ሰው የሚመጣበት) ብዙ ሰው በአንዴ ሊያስተዋውቀን ስለሚሞክር ይጨናነቃል፣ እሱን አይታችሁ እንዳትተዉት፣ ከሦስተኛው አካባቢ ጀምሮ ነው መተንፈስ የሚጀምረው። ምስሉ የካሴት ዘመን ምስል ነው፣ መብራቱ ጠፍጣፋ። የቻርሊና የባዝ (ወጣቷ ሐኪም) ፍቅር ለኔ አልሞቀኝም፣ ሁለቱም ጎበዝ ተዋናይ ናቸው ግን ሥራ ላይ ሆነው ሲነጋገሩ ነው የበለጠ የሚዋደዱ የሚመስሉት። አንዳንድ ቦታ ላይ ደሞ ገጸ ባሕሪው ሳይሆን ጸሐፊው ነው የሚያወራው፣ ስለ በጀት ረጅም ንግግር ይመጣና የጸሐፊውን እጅ ታዩታላችሁ። አንዳንድ በሽተኛም መጨረሻው ሳይነገረን ይጠፋል። ሰው ይሄን እንደ ድክመት ሊያየው ይችላል፣ እኔ ግን እውነት ስለሆነ ወደድኩት፣ እኛም እኮ በሩ ላይ ተቀብለን ወደ ዋርድ ከላክነው ሰው የብዙውን መጨረሻ አናውቅም፣ ቀይ ሹራብ የለበሰችዋ ልጅ ምን ሆነች ብለህ ሳምንት ሙሉ ታስባለህ፣ የሚነግርህ የለም።

ከኋለኞቹ ጋር ላወዳድረው እንዴ? በ2016 ለ30ኛ ዓመቱ የሠሩት ክፍል ላይ ሄሊኮፕተር ሆስፒታሉ ደጅ ይከሰከሳል፣ በ2017 ደሞ የሲዝን መዝጊያውን 48 ደቂቃ ሙሉ ካሜራ ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ ሠሩት፣ የጻፈውም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ፖል አንዊን ነው። ያንን ስታዩ እጃችሁን ነው የምትነክሱት፣ አከብረዋለሁ። ግን ሄሊኮፕተር ካየሁ በኋላ ነገ ሥራ ስገባ ምንም አይከተለኝም። ሜጋን ግን ተከተለችኝ። ትናንት ማታ አንዲት እናት ልጃቸው ስፌት ላይ ሆኖ ውጭ ቁመው ሲጠብቁ ሳልፍ ቆም ብዬ ራሴን ዘንበል አድርጌ አዳመጥኳቸው፣ ከወትሮዬ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ወንበርም አመጣሁላቸው።

ማየት ለምትፈልጉ፣ በቀን አንድ ክፍል ይበቃል፣ 50 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። በተከታታይ ካያችሁት ድካሙ ይጋባል። የጤና ሰው ከሆናችሁ ከሥራ በፊት አትዩት፣ ስትወጡ እዩት፣ የደፊን ታሪክ ደሞ ብቻችሁን ባታዩት ይሻላል፣ በተለይ አዳር የምትሄዱ ሴቶች። ሁለተኛው ሲዝን 1987 ነው፣ ሜጋንም ቻርሊም ደፊም አሉበት፣ ዛሬ ዕረፍት ስለሆንኩ ማታ እጀምረዋለሁ።