ስማቸውን ለማልጽፈው ኢየሱሳዊ ካህን ምስጋና

ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዳመሰግናቸው የፈቀዱልኝ በዚህ ቅድመ ሁኔታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚያገለግሉ፣ ጀዝዊት በሚል ስምም የሚታወቀው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ገና ሁለተኛውን አንቀጽ ሳይጨርሱ ይለዩዋቸዋል። ለማያውቋቸው ደግሞ ሰውየውን ትቼ ሥራቸውን ልጠቁም፤ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ካህናትም አሉና።

ስብከታቸው አጭር ነው። ድምፃቸውም ዝቅ ያለ በመሆኑ ከኋላ የተቀመጠ ግማሹን አይሰማም። ይህን ብነግራቸው "ፊት ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው" አሉኝ። አንድ የወንጌል ክፍል ይይዙና ሁላችንም አንብበን ያለፍነውን ነገር ከውስጡ ያወጣሉ። ስለ ዕውሩ በርጤሜዎስ ሲሰብኩ (ማርቆስ ምዕራፍ 10) ያተኮሩት በልብሱ ላይ ነበር። ሰውየው ሲጠራ ልብሱን ጥሎ ተነሣ ይላል ወንጌሉ። መንገድ ዳር ለሚለምን ሰው ልብሱ የሌሊት ብርዱን የሚከላከልበት፣ ምናልባትም ያለው ንብረት በሙሉ ነው፤ ዓይኑ ገና ሳይበራ ግን እርሱን ጣለ። ቀጥለው ጠየቁን፤ ዕውርነቱ እየታየ ኢየሱስ "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" ያለው ለምንድን ነው? መልሱን እንጠብቅ ነበር። "እናንተስ ብትጠየቁ ምን ትላላችሁ?" ብለው ወደ መንበረ ታቦቱ ተመለሱ። ስብከቱ በዚሁ አለቀ። አንዳንድ ምእመናን ሳይጨርሱት የተዉት መስሏቸው ነበር፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ልመሰክርላቸው የምፈልገው ዋናው ነገር ግን ከስብከቱ በኋላ ያለው ነው። በዚያ ሰሞን ሐዋሳ ጥሩ ሥራ አግኝቼ፣ አዲስ አበባ ብቻዋን የምትኖረውን እናቴን ትቼ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ምክር አልጎደለኝም። አጎቶቼ ፈርደዋል፣ ጓደኞቼ ፈርደዋል፣ የጎረቤት ሽማግሌ ሳይቀሩ የፈረዱት ፍርድ ነበራቸው። እርሳቸው ዘንድ የሄድኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጨረሻውን ፍርድ ለመቀበል ነው። አልፈረዱም። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ዝም አሉ፤ ከዚያም የማኅበራቸውን መሥራች የቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላን የመንፈሳዊ ልምምድ መንገድ አስረዱኝ። ኢግናጢዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1521 በፓምፕሎና ውጊያ በመድፍ እግሩን የተመታ ወታደር ነበር። አልጋ ላይ ሆኖ የትኛው ሐሳብ ለጊዜው ብቻ አስደስቶት ልቡን ባዶ እንደሚያደርገው፣ የትኛውስ ካለፈም በኋላ ሰላሙ እንደሚቆይ ለየ። ጳጳስ ጳውሎስ ሦስተኛ በ1548 ያጸደቁት መንገድ ከዚህ ትዝብት የተነሣ ነው።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡኝ። አይተኸው የማታውቀው ሰው ይህንኑ ጭንቀት ይዞ ቢመጣ ምን ትመክረዋለህ? በሞትህ ሰዓት ወደ ኋላ ስትመለከት የትኛውን መርጠህ ብትገኝ ትወዳለህ? ማታ ማታ ደግሞ ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ ከእግዚአብሔር ጋር መመልከት፤ መጀመሪያ ምስጋና፣ ጥፋት መቁጠር ከዚያ በኋላ። አንድ ጥብቅ ትእዛዝም አለ፤ ልብ በጨለመበት ሰሞን አስቀድሞ የተወሰነን ነገር አለመለወጥ። እኔ ይህችን ከሁሉም በላይ ወድጃታለሁ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ስንት ጊዜ ሐሳቤን እገለብጥ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በየቀጠሮው እርሳቸው የሚጠይቁኝ "ምን ወሰንክ?" ብለው አልነበረም፤ "ስትጸልይበት ልብህ ውስጥ ምን ተሰማህ?" ነበር። በመጨረሻ ቀረሁ። ብሄድም ኖሮ በዚያው ፊት ይቀበሉኝ እንደነበር አልጠራጠርም።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ በአባቴ በኩል ካቶሊክ ነኝ። ኢየሱሳዊ መሆናቸውን ስትሰማ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ትዝ አላት፤ አይፈረድባትም። ትምህርት ቤት የተማርነው ሱስንዮስ ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ካቶሊክነትን በችኮላና በግድ ሊያስፋፋ ሲል አገሩን ስላስነሣበት፣ ሱስንዮስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብለው ዘውዱን ለፋሲለደስ ስለመልቀቃቸው ነው። አባ ራሳቸው ይህን ታሪክ አይሸሹትም። ከሜንዴዝ በፊት የነበረው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ ሰውን በትዕግሥት ይቀርብ እንደነበር አንሥተው፣ ተከታዩ መስማት ስላልፈለገ የደረሰውን ጥፋት በግልጽ ይናገራሉ። ደግሞም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 አፄ ኃይለ ሥላሴ የጠሯቸው ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ይዘው፣ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ሲያቋቁሙ ሃይማኖት ሳይሰብኩ ማስተማራቸውን እናቴ አታውቅም ነበር። የእኔ አባም እናቴን ከቤተ ክርስቲያኗ ሊያወጧት አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እንዲያውም ጾሟን እንዴት እንደያዘች ይጠይቁኛል።

እንዲህ ዓይነት ምሪት የምትፈልጉ በየቁምስናችሁ (በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችሁ) ያሉትን ካህን "መንፈሳዊ ምሪት የሚሰጥ ካህን ያገናኙኝ" ብላችሁ ጠይቁ። ጥቂት ቀናት በዝምታ መቆየት የምትችሉ ቢሾፍቱ የሚገኘውን የኢየሱሳውያን የገሊላ ማእከል ስለ ሱባኤ ጠይቁ። ሙሉው ልምምድ ሠላሳ ቀን ይፈጃል፤ ሥራና ልጆች ላሉበት ሰው ግን ከቤት ሳይወጣ በየዕለቱ እየጸለየ፣ ካህኑን በየጊዜው እየተገናኘ ለወራት የሚፈጽምበት መንገድ አለ። ስልክ መዝጋት ግድ ነው። ትንቢት፣ ሕልም መፍታት ወይም ፈጣን መፍትሔ ለሚፈልግ ይህ ቦታው አይደለም፤ ተበሳጭቶ ይመለሳል። ቀጠሮ ይከበራል፤ እርሳቸው ዘንድ ዘግይቶ የደረሰ የቀረችውን ደቂቃ ብቻ ያገኛል።

አባ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው አይጠፋም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም ለፋሲካ ምሳ እንዲመጡ ጠርታዎታለች፤ ዶሮ ወጡን የምትሠራው እርሷ ስለሆነች እምቢ ማለት አይቻልም።