ደብረ ማርቆስ ላይ የጨው ውሃ ገንዳና ስኪመር የሚያውቅ ሰው ለምትፈልጉ

ሰላም የአገሬ ልጆች። ጎጃም ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለን ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን፣ አውቃለሁ። ያለነውም ግን ባለሙያ አጥተን ፍዳችንን እያየን ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ላመስግንና ልጠቁማችሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ "እትዬ፣ እባክሽ አደባባይ አታውጪኝ" ብሎኛል። ሥራውን ግን መናገር አልከለከለኝም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና ስልኩን እሰጣለሁ።

ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ካፌ አለችኝ። ግድግዳው ዳር የጨው ውሃ ገንዳ አለ። ሁለት ክሎውንፊሽ፣ ሁለት ዳምዝልና አንድ ጎቢ ይኖሩበታል። ልጆች ኬኩን ትተው እሱ ላይ ነው የሚለጠፉት። ገንዳውን የገጠሙልኝ ከአዲስ አበባ መጥተው ነው፣ ስኪመሩን፣ ማለትም የገንዳውን ቆሻሻ በአረፋ ገፎ ላዩ ላይ ወዳለው ኩባያ የሚያወጣውን ዕቃ፣ ደግሞ እህቴ ከአሜሪካ ነው የላከችልኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ግን ስኪመሩ የረባ አረፋ አውጥቶ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ኩባያው ደርቆ ይውላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠዋት ስገባ ሞልቶ ፈስሶ፣ ያ የሚሸት ውሃ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ። መስታወቱ በአልጌ አረንጓዴ ሆነ። ገጣሚዎቹ ጋ ስደውል መልሱ አንድ ነው፦ "ስኪመሩ አንሶ ነው፣ እስከ 1,000 ሊትር የሚችል አለን፣ እሱን ግዢ።" ዋጋውን ሲነግሩኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ይኼኔ ነው አንድ ደንበኛዬ "እዚሁ ከተማ የውሃ ፓምፕና ፍሪጅ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ዱባይ እያለ የዓሣ ገንዳ ሲንከባከብ ነው የኖረው" ያለኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልጠበቅኩም። ዱባይ የነበረ ሁሉ ሁሉን አውቃለሁ ይላል።

መጣ። መጀመሪያ ያወጣው መፍቻ ሳይሆን ሜትር ነው። ገንዳውን ለካ፣ 100 በ50 በ50 ሳንቲ፣ ጢም ብሎ ቢሞላ 250 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ እስከ አፉ የማይሞላውን፣ የአሸዋውንና የድንጋዩን ቦታ ቀነሰ፣ ከሥር ያለውን የሳምፕ (ከገንዳው የሚወርደው ውሃ የሚያልፍበት ትንሽ ገንዳ) ውሃ ደመረ። እውነተኛው ውሃ 260 ሊትር አካባቢ ነው አለኝ። ከዚያ ዓሣዎቹን ቆጠረ። ምን ያህል ምግብ እንደምሰጥ፣ በቀን ስንቴ እንደምሰጥ ጠየቀ። "የመስታወቱ ስፋት ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ስኪመር የሚመረጠው ወደ ውሃው በሚገባው ምግብና በሚወጣው ኩስ ነው" አለ። የኔ ስኪመር ላይ እስከ 400 ሊትር ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ዓሣው ጥቂት ለሆነ ገንዳ ታስቦ የሚጻፍ ነው፤ ዓሣው ከበዛና በደንብ ከተቀለበ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሶ ማሰብ ይሻላል። ለ260 ሊትርና ለአምስት ትንንሽ ዓሣ ግን ይኼው የያዝኩት ይበቃል አለኝ።

ያንን የ1,000 ሊትሩን ብገዛስ? ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ስኪመር ከገንዳው በጣም ሲተልቅም አይሠራም ለካ። አንገቱ ሰፊ ነው፣ በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አረፋው ያንን ሰፊ አንገት ሞልቶ ለመውጣት የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ጫፍ ሳይደርስ ይፈርሳል። እንግዲህ አስቡት፣ ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ደረቅ ኩባያ ሳይ ልውል ነበር።

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋ ሲቀቀል ከላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እንደምንገፈው፣ ስኪመርም የገንዳውን ቆሻሻ በአረፋ ገፎ ያወጣል። ፓምፑ አየርና ውሃን አንድ ላይ ይመታል፣ ደቃቅ አረፋ ይሆናል፣ ከኩስና ከተረፈ ምግብ ውሃ ውስጥ የሟሟው ፕሮቲንና ቅባት አረፋው ላይ ይለጠፋል፣ ሳይበሰብስ በአንገቱ ወጥቶ ኩባያ ውስጥ ይቀራል። ይህ በጨው ውሃ ነው የሚሠራው፤ ጨው አረፋዎቹ እየተጋጠሙ ትልቅ እንዳይሆኑ ያግዳል። ስለዚህ ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በጣና ውሃ ወርቃማ ዓሣ የምታረቡ፣ ማንም ይኼን ዕቃ ሊሸጥላችሁ ቢመጣ አትግዙ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ስኪመሩን ከፍቶ አየና "ይኼ ማሽን አልተበላሸም፣ የአገሩን መብራት ነው ያልለመደው" አለኝ። ፓምፑ የአሜሪካ ነው፣ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ። ገጣሚዎቹ ትራንስፎርመር አድርገውለታል፣ ቮልቱ ልክ ነው። ትራንስፎርመር ግን ሄርዙን አይቀይርም። የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ ደግሞ የሚሽከረከረው የመብራቱን ሄርዝ ተከትሎ ስለሆነ፣ እዚህ ሲመጣ ከፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ሲዞር የሚስበው አየር ያንሳል፣ አየር ሲያንስ አረፋው ይሳሳል። ከዘመድ ዕቃ የሚላክላችሁ ሰዎች ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ለስኪመር ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ፓምፑን ብቻ መቀየር ሆነ። በዲሲ የሚሠራ፣ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50ም ሆነ 60 ሄርዝ የሚቀበል ፓምፕ አስመጣልኝ። የስኪመሩ አካል ያው የድሮው ነው። ያወጣሁት ከአዲሱ ስኪመር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ጉድ ደግሞ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስኪመሩ ሳምፑ ውስጥ የተደረገው ውሃው ወደ ላይ በሚመለስበት የመጨረሻው ክፍል ነበር። ውሃ ሲተን የሚጎድለው ግን እዚያ ክፍል ነው። ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ። ስኪመር ደግሞ የቆመበት ውሃ ከፍታ ሲለዋወጥ ያብዳል፤ ሲጎድል አረፋ ያጣል፣ ስንሞላው ደግሞ ይገነፍላል። እሱ ወደ መጀመሪያው ክፍል አመጣው፣ ከመስታወቱ ግድብ ኋላ፣ ውሃው ሁልጊዜ እኩል ወደሚሆንበት። ከዚያ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍታ አይቶ ከሥሩ መቆሚያ ሠራለት። ለኔ ዕቃ ከ16 እስከ 20 ሳንቲ ነው የሚለው፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን አንብቡ።

ማስተካከሉን እኔው እንድሠራ ነው ያስተማረኝ። ይኼ ነው ከሌሎቹ የሚለየው። የስኪመሩን የውሃ መውጫ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ትከፍቺዋለሽ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየዘጋሽ ውሃው አረፋ መሆን የሚጀምርበትን መስመር አንገቱ ሥር ታደርሺዋለሽ። ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ ትቀመጫለሽ። "ዛሬ ነክተሽ ዛሬ ውጤት አትጠብቂ፣ ትንሽ አዙሪና ነገ እይው" አለኝ። አዲስ ዕቃ ወይም አዲስ የታጠበ ዕቃ እስኪለምድ ቀናት ይወስዳል። ኩባያው ውስጥ የሚወጣው ቀጭን ሻይ ከመሰለ መስመሩ ከፍ ብሏል፣ ውሃ እየወጣ ነው፣ ጨውም አብሮ ይወጣል። ጥቁር ድፍድፍ ሆኖ በጣም ጥቂት ከሆነ ዝቅ ብሏል። እኔ መካከሉን ይዣለሁ። ዓሣ ሲቀለብ አረፋው ድንገት ቢጠፋ ደግሞ እንዳትደነግጡና መክፈቻውን እንዳትነካኩ፣ የምግቡ ቅባት ነው፣ ቆይቶ ይመለሳል። የአንገቱን ውስጥ ግን በየጊዜው ጥረጉት፣ እዚያ የተጋገረው እድፍ አረፋውን ይሰብረዋል። በፈሳሽ ሳሙና ግን አይሆንም! ሙቅ ውሃ ይበቃል። የአየር ቱቦዋ ጫፍ ላይ ጨው ሲደርቅባትም ያው ሙቅ ውሃ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የቡናው ነገር ነው። ካፌው ውስጥ ጠዋት ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ስኪመሩ አየር የሚስበው ከዚያው ክፍል ነው። የከሰሉ አየር ውሃው ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) ያወርደዋል፣ ለካ በየጠዋቱ የምለካው ቁጥር ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ረዘም ያለ ቀጭን ቱቦ ገጥሞ በመስኮት በኩል ከውጭ እንዲስብ አደረገው። በዚያው ላይ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ቀጭን ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ከፍታ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ስለዚህ ስኪመሩ ቆሻሻ ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን ውሃውን ማናፈሱም እዚህ የበለጠ ያስፈልገናል።

መብራቱስ? መብራት ሲሄድ ከላይኛው ገንዳ የተወሰነ ውሃ ወደ ሳምፕ ይወርዳል። መብራት ሲመጣ ስኪመሩ በዚያ ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲነሳ ገንፍሎ ያንን ሁሉ ቆሻሻ ይደፋዋል። ጠዋት ሳገኘው የነበረው መገንፈል ግማሹ ምክንያት ይኼ ነው። ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ለፍሪጅ የምንጠቀምበትን፣ መብራት ከመጣ በኋላ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚለቀውን ጋርድ ለስኪመሩ ብቻ ገጠመለት። የመመለሻው ፓምፕ ቀድሞ ይነሳል፣ ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ከዚያ ስኪመሩ ይከተላል። ገበያ ላይ ሞልቶ ያለ ዕቃ ነው። ገጣሚዎቹ ለምን እንዳላሰቡት አይገባኝም። መብራቱ ረዥም ሰዓት ለሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ እንድይዝ መክሮኛል፣ ይዣለሁ።

አሁን ኩባያው ውስጥ የሚወጣው ነገር ጥቁር ቡናማ፣ የሚከረፋ፣ እንደሚፈለገው ነው። አልጌው እየሳሳ ነው፣ ጨርሶ አልጠፋም። ክሎውንፊሾቹ ሰው ሲያዩ ወደ መስታወቱ ይመጣሉ።

የማይስማማኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጁ ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። ጠዋት ካላችሁ ከምሳ በኋላ ጠብቁት። ሲመጣ ግን ጥድፊያ የለውም፣ ሥራውን ሳይጨርስ ቡና እንኳ አይጠጣም። የማይሠራውን አይሠራም፤ የኮራል መብራት ልግጠም ብዬው "እሱን በደንብ አላውቀውም" ብሎ ትቶታል። ዕቃ ሲያመጣ ደረሰኙን ያሳያል፣ የእጁን ዋጋ ለብቻ ይነግራል። የጨው ውሃ ገንዳ የሌላችሁም የግቢ ፓምፕና ፍሪጅ ልታሠሩት ትችላላችሁ፣ መደበኛ ሥራው እሱ ነው።

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ደጀን ድረስ ይሄዳል፣ የመኪና ከቻላችሁለት። ባሕር ዳርም ሄዶ ያውቃል። ስትደውሉ የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ የዓሣዎቹን ብዛትና የፓምፑን ቮልትና ሄርዝ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ነው። እሁድ ግን አትደውሉለት፣ ስልኩን ያጠፋል።